የድንጋይ አያቶች

በሰሜን እንግሊዝ፣ ከደርሃም ከተማ ጥቂት ወደ ሰሜን ዘልቆ፣ ቸስተር-ለ-ስትሪት የምትባል ጥንታዊት ከተማ በዊር ወንዝ አጠገብ ትገኛለች። አጥቢያ ቤተ ክርስቲያንዋ በማርያምና በቅዱስ ካትበርት ስም የተሠየመ ነው። በዚህ ቤተ ክርስቲያን፣ በሰሜኑ ግድግዳ ሥር፣ 14 የድንጋይ ሰዎች የአንዱ ራስ የሌላውን እግር እየተከተለ በአንድ ረድፍ ተጋድመዋል። አብዛኞቹ ጥሩር ለብሰው፣ ሰይፍ ታጥቀው፣ ጣራ ጣራውን እያዩ ይኖራሉ። ከበላያቸው ግድግዳው ላይ ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ ተጽፏል። በጽሑፉ መሠረት ሁሉም የአንድ ቤት ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ላምሊ ይባላሉ።

ጠጋ ብሎ ላስተዋለ ግን አንድ ነገር ዐይኑን ይይዘዋል። ከተጋደሙት መካከል እግራቸው የተቆረጠ አሉ። የቆረጣቸው ጦርነት አይደለም፤ የዘመን ብዛትም አይደለም። ረድፉን ያሰናዳው ሰው የግድግዳው ርዝመት አልበቃው ብሎ፣ አያቶቹ በቦታው ልክ እንዲሆኑለት አሳጥሯቸው ነው።

ሰው አያቱን እንዴት ቦታ ለማብቃቃት እግሩን ይቆርጣል? መልሱ ቀላል ነው፤ አያቱ ካልሆነ ይቆርጣል።

ረድፉን ያሰለፈው ጆን ላምሊ የተባለው መኰንን ነው። በ1533 ገደማ ተወልዶ በ1609 የሞተ፣ በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን ከታላላቆቹ ባላባቶች የሚቈጠር ሰው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እርሱ ገና ሕፃን ሳለ ስምንተኛው ሄንሪ ከ1536 እስከ 1540 ባለው ጊዜ የእንግሊዝን ገዳማት አፍርሶ ሀብታቸውን ወርሶ ነበር። ገዳማቱ ሲፈርሱ በውስጣቸው የነበሩት የመቃብር ሐውልቶች ባለቤት አጡ። ከፊሉ ተሰባበረ፤ ከፊሉም በየሜዳው ወድቆ ዝናብ ይመታው ጀመር። ላምሊ በ1594 ከደርሃም ካቴድራል ቅጥር ሁለት እንዲህ ያሉ ሐውልቶችን ለማንሣት ፈቃድ ጠይቆ ተሰጠው። የሁለቱ ጦረኞች ማንነት አልታወቀም ነበር። በጋሪ ተጭነው ቸስተር-ለ-ስትሪት ሲደርሱ ግን ስም ነበራቸው።

የዚያው ዘመን ታሪክ ጸሐፊ ዊልያም ካምደን ነገሩን ሳይሸፋፍን መዝግቦታል። ላምሊ የቅድመ አያቶቹን መቃብሮች ከሊዩልፍ ጀምሮ እስከ ራሱ ዘመን በተራ እንዳስቀመጠ፣ ከእነዚህም አንዳንዶቹን ከፈረሱ ገዳማት እንደ ሰበሰበ፣ ሌሎቹን ደግሞ እንደ አዲስ እንዳስጠረበ ጽፏል። ዛሬ በረድፉ ካሉት 14 ምስሎች በእውነት ጥንታዊ የሆኑት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። የቀሩት በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ የጥንቱን አሠራር በሚመስል መልክ፣ ሆን ተብለው የተጠረቡ ናቸው። የሁሉ ቀዳሚ የተባለው ሊዩልፍ በ1080 የተገደለ የአካባቢው መኰንን ነበር። ከእርሱ እስከ ጆን ድረስ ያለው የአምስት መቶ ዓመት ክፍተት በሰው መሞላት ስለነበረበት በድንጋይ ተሞላ።

ይህን ያደረገው ያልተማረ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባላስገረመ ነበር። ላምሊ ግን በዘመኑ እንግሊዝ ውስጥ ከነበሩት የግል ቤተ መጻሕፍት ከታላላቆቹ አንዱን፣ ሦስት ሺህ ያህል መጻሕፍት የያዘውን፣ ያከማቸ ሰው ነው። መጻሕፍቱ ከሞቱ በኋላ ወደ ንጉሣዊው ቤት አልፈው ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ሥዕል ሰብሳቢ ነበር። በ1582 ሪቻርድ ካልድዌል ከተባለው ሐኪም ጋር ሆኖ ለቀዶ ጥገና ትምህርት የሚሆን ገንዘብ መድቦ የንግግር መርሐ ግብር አቋቁሟል፤ በስሙ የሚጠራው ንግግር ዛሬም ይሰጣል። የመረጃን ዋጋ የሚያውቅ፣ እውነተኛ ጽሑፍን ከሐሰተኛ ለመለየት የሚችል ሰው ነበር ማለት ነው። እያወቀ አደረገው።

በ1603 የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝን ዙፋን ወርሶ ወደ ለንደን ሲወርድ ከወንዙ ማዶ በሚገኘው የላምሊ ግንብ አረፈ። ባለቤቱ በዚያ አልነበረም፤ አስተናጋጁ የቤቱን የዘር ሐረግ ከሥር መሠረቱ ይተርክለት ጀመር። ንጉሡ ሰምቶ ሰምቶ ሲሰለቸው፣ የአዳም ስም ላምሊ መሆኑን እስከዛሬ አላውቅም ነበር ብሎ አሾፈ ይባላል። ይህ ቀልድ በእንግሊዝ የታሪክ መጻሕፍት ሲደጋገም ይኖራል፤ አንባቢም ከንጉሡ ጋር ይስቃል። ነገር ግን ሣቂው ማን ነው? የጄምስ ቤት የራሱን ነገሥታት ከክርስቶስ ልደት በፊት ነበረ ከሚባለው ፌርገስ ጀምሮ ይቈጥር ነበር። የልጅ ልጁ ሁለተኛው ቻርልስም በኤድንበራ ለሚገኘው የሆሊሩድ ቤተ መንግሥት ያዕቆብ ደ ዊት የተባለ ሆላንዳዊ ሠዓሊ ቀጥሮ ከመቶ በላይ የነገሥታት ምስል በ1680ዎቹ አሥሎአል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ በምድር ላይ ተመላልሰው የማያውቁ ነገሥታት ናቸው። ትልቁ ሐረግ በትንሹ ሐረግ ሣቀ እንጂ እውነት በሐሰት አልሣቀችም።

ደግሞም የአዳምን ነገር ያነሣ ጄምስ የመጀመሪያው አይደለም። ጆን ቦል የተባለው ድሀ ቄስ በ1381 የገበሬዎች ዐመፅ ጊዜ፣ አዳምና ሔዋን መሬት እየቈፈሩና እየፈተሉ ሲኖሩ ባላባቱ የት ነበር ብሎ ሰብኮአል። እርሱ የተናገረው ለቀልድ አልነበረም፤ በዚያው ዓመት ተሰቅሎ ሞተ። አንድ ቃል በንጉሥ አፍ ሲሆን ጨዋታ፣ በድሀ አፍ ሲሆን የሞት ወንጀል መሆኑ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

የላምሊን ረድፍ የፊውዳል ትምክህት ብሎ ማለፍ ይቻላል። ስሕተትም አይሆንም። ቤተ ክርስቲያኑ የሕዝብ መሰብሰቢያ ነው፤ ጭሰኛው በየእሑዱ ሲገባ በዚያ ረድፍ አጠገብ ያልፋል። ማንበብ ባይችል እንኳ 14 ጥሩር የለበሱ ሰዎችን መቍጠር ይችላል። መሬቱ ከመቼ ጀምሮ የማን እንደ ሆነ፣ እስከ መቼም የማን ሆኖ እንደሚኖር ያለ ስብከት ይማራል። በዚህ ዐይን ሲታይ ረድፉ ከመቃብርነቱ ይልቅ የመሬት ይዞታ ሰነድነቱ ይበልጣል። በድንጋይ የተጻፈው ከብራና ይልቅ ለመፋቅ ስለሚያስቸግር ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አማርኛችን የዘርን መዘርዘር «አጥንት መቍጠር» ይለዋል። በጐጃምና በጐንደር የርስት ሙግት ከአቅኚው አባት እስከ ከሳሹ ድረስ ያለውን ሐረግ ሳያቋርጥ የሚቈጥር ሰው መሬት ያገኝ ነበር፤ ጕልበትና ወገን ያለው ሰው ሲቈጥር ሐረጉ ሳይጠፋበት፣ ድሀው ሲቈጥር መካከል ላይ የሚጠፋበት ምክንያት ግን ከማስታወስ ችሎታ ጋር የተያያዘ አልነበረም። የ1955ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ የነጋሢው ቤት ዘር ከንግሥተ ሳባና ከሰሎሞን ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ሳይቋረጥ የወረደ ነው ብሎ በአንቀጽ ደንግጎ ነበር። ሐረግ ሲነገር ተረት ነው፤ ሕግ ሲሆን ግን ርስት፣ ግብርና ወታደር አለው። ያ ሕገ መንግሥት በ1974 ቀረ፤ በ1975ቱ የገጠር መሬት ዐዋጅም አጥንት እየተቈጠረ መሬት መጠየቁ ቆመ። ቸስተር-ለ-ስትሪት ላይ ተቀምጦ ስለ ሌላው ትምክህት ብቻ መፍረድ ስለማይገባ ይህን ያህል ማለት ተገቢ ነው።

ትምክህት የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም አልበቃም። ትምክህተኛ ባላባት በእንግሊዝ ሞልቶ ነበር፤ ነገር ግን ማንም እንደ ላምሊ የሌላ ሰው ሙታን እየሰበሰበ አሥራ አራት ደርሶ አላሰለፈም። ይህ ሰው ምን ጐደለው? ለዚህ መልስ የሚሰጠው የ1537 ዓመት ነው።

በ1536 መከር ወራት የሰሜን እንግሊዝ ሕዝብ ተነሣ። ገዳማት መፍረሳቸው፣ ኪራይ መክበዱ፣ የጋራ ግጦሽ እየታጠረ ለባላባት መሆኑ፣ ዐሥራቱም መብዛቱ በአንድነት ያነሣሣው ዐመፅ ነበር። ንጉሡ ምሕረትና ተስፋ ሰጥቶ በተነው። በማግስቱ ዓመት መጀመሪያ እንደ ገና ሲቀጣጠል ግን ምሕረቱን ለማፍረስ ምክንያት አገኘ። በዚህ በሁለተኛው መነሣሣት ተካፍለው ከተያዙት መካከል የላምሊ ቤት ወራሽ ጆርጅ ላምሊ ነበረ። በሰኔ 1537 በለንደን ታይበርን በተባለው የመስቀያ ቦታ ተገደለ። ልጁ ጆን የዚያን ጊዜ የአራት ዓመት ገደማ ሕፃን ነበር።

በእንግሊዝ ሕግ በክህደት የተፈረደበት ሰው ሕይወቱንና ንብረቱን ብቻ አያጣም ነበር። ደሙም ተበላሸ ይባላል። ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር እንዳይመስል፤ የሕግ ቃል ነበር። የተበላሸ ደም ውርስ አያሳልፍም። ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የሚወርደው ሀብት በመካከል ያለው አባት ደሙ ከተበላሸ በእርሱ በኩል ማለፍ አይችልም፤ እንደ ተቈረጠ ቦይ ውሃው እዚያ ላይ ይቆማል። ይህ ሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1870 ነው። የጆን አያት በሕይወት ነበሩ፤ ሲሞቱም ለልጅ ልጃቸው ማዕርግ ማውረስ አልቻሉም። ጆን በ1547 በፓርላማ ዐዋጅ እስኪመለስ ድረስ፣ ማለትም እስከ አሥራ አራት ዓመቱ ድረስ፣ አያት ያለው ግን በሕግ ፊት ሐረግ የሌለው ልጅ ሆኖ አደገ። የቤቱም መከራ ይህ ብቻ አልነበረም። ግንቡን የሠራው ራልፍ ላምሊ በ1400 በአራተኛው ሄንሪ ላይ ተነሥቶ ሲሞት ማዕርጉ ተወርሶ ነበር። ሐረጉ ሁለት ጊዜ በመንግሥት እጅ ተቈርጧል።

እንግዲህ አንድ ልጅ ደምህ የተበላሸ ነው ተብሎ ያድጋል። ስድሳ ዓመት ሲሆነው ከየፍርስራሹ አያት ይሰበስባል። በዚህ ላይ መሣቅ ለጄምስ ይቀለዋል፤ አባቱ የተገደለበትን ሕፃን ለሚያስብ ሰው ግን አይቀልም። ብዙ ሰው ለልጅነቱ ቍስል በሽምግልናው ዘመን መድኃኒት ሲፈልግ ይታያል፤ የላምሊም እንዲህ ሊሆን ይችላል።

ቢሆንም ቍስል ሁሉ የሚሰጠው መልስ ትክክል አይሆንም። ሕጉ ለልጁ የነገረው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ የሰው ዋጋ በደም ይተላለፋል። ሁለተኛ፣ ያንተ ደም ተበላሽቷል። ላምሊ ዕድሜውን ሙሉ የተሟገተው ከሁለተኛው ጋር ነው። ደሜ ንጹሕ ነው፤ አሥራ አራት ምስክር አለኝ አለ። ከመጀመሪያው ጋር ግን አንድ ቀን አልተሟገተም። አባቴን የገደለው ንጉሥ ሰው በዘሩ ሊመዘን አይገባውም ነበር አላለም። ሚዛኑን ተቀብሎ በሚዛኑ ላይ ድንጋይ ጨመረ። የተበደለ ሰው የበዳዩን ሕግ ሳይነካ በሕጉ ውስጥ የራሱን ቦታ ብቻ ሲያስመልስ፣ በዚያው ሕግ ለሚቀጠቀጡት ምን ይተውላቸዋል?

እነዚያ የሚቀጠቀጡት በአሳብ የተፈጠሩ አይደሉም። ከጆርጅ ላምሊ ሞት አራት ወር ቀደም ብሎ፣ በየካቲት 1537፣ በሰሜን ምዕራብ የካምበርላንድና የዌስትሞርላንድ ገበሬዎች ካርላይልን ሊይዙ ሞክረው ተሸነፉ። የኖርፎክ መስፍን ቶማስ ሃዋርድ በጦር ሕግ ፈርዶ 74 ሰዎችን በየመንደራቸው ሰቀለ። አንዳንዶቹ የተሰቀሉት በገዛ ጓሮአቸው ዛፍ ላይ ነው። ሬሳቸው ለመቀጣጫ ተንጠልጥሎ እንዲበሰብስ ታዘዘ። ሚስቶቻቸውና እናቶቻቸው ግን በሌሊት እየወጡ ሬሳውን አወረዱ፤ ተሸክመውም ወስደው ቀበሩ። ንጉሡ ይህን ሲሰማ ተቈጥቶ ማን እንዳደረገው እንዲጣራ አዘዘ። መስፍኑም የሴቶች ሥራ ነው ብሎ መለሰ። ሴቶቹ ተጠርተው ቃላቸውን ሰጡ፤ ቃላቸው በመንግሥት መዝገብ ውስጥ ተጽፎ እስከዛሬ አለ። እነዚህ ሴቶች ስለ ባሎቻቸው ዘር ምንም አላወሩም። እንዴት እንዳወረዱት፣ ማን እንደረዳቸው፣ የት እንደቀበሩት ብቻ ተናገሩ።

ሁለቱን የሙታን ሸክም አጠገብ ላጠገብ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በአንድ ዐመፅ የሞቱ ሰዎች ናቸው። በአንድ በኩል ወራሹ፣ ጊዜ ሲያልፍ፣ በፈቃድና በጋሪ የማያውቃቸውን ሙታን ያስጭናል። በሌላው በኩል ሴቶች፣ በፍርሃትና በጨለማ፣ የሚያውቁትን ሰው ሬሳ በትከሻቸው ይሸከማሉ። የመጀመሪያው ሸክም በድንጋይ ቆሞ ይታያል። የሁለተኛው ቦታ ላይ ሣር በቅሎበታል። ሰቃዩ መስፍን ራሱስ? እርሱም በሰፎክ ክፍለ ሀገር በፍራምሊንግሃም አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ዙሪያውን ሐዋርያት በተቀረጹበት ግሩም መቃብር ላይ ተጋድሟል። በሥራው ጥራት ከሄዱበት የማይቆጭ መቃብር ነው፤ ሐዋርያቱም ፊታቸውን አላዞሩበትም።

አሁን ወደ ሁለቱ የደርሃም ጦረኞች መመለስ ይገባል። ሙት ሊበደል ይችላልን? ሙት አይሰማም፤ ስሙ ሲለወጥበት አይከፋም፤ እግሩም ሲቈረጥ አያመውም። ላምሊ ባያነሣቸው ኖሮ ምናልባት ተሰባብረው የግንብ መሙያ በሆኑ ነበር፤ ስለዚህ ባለውለታቸው ነው የሚል ይኖራል። ይህ ክርክር የዋዛ አይደለም። በዓለም ቤተ መዘክሮች ያለው ቅርስ ግማሹ በእንዲህ ያለ ባለውለታ እጅ የተረፈ ነው።

ይሁን እንጂ በሜዳ ላይ ስም አልባ ሆኖ የወደቀ ሐውልት ገና አንድ ነገር ነበረው፤ ማን ነህ ብሎ መጠየቅ ይቻል ነበር። የማን አባት እንደ ነበረ፣ ማን እንዳለቀሰለት፣ የትኛው ጠራቢ እንደ ጠረበው አንድ ቀን አንድ ሰው ሊጠይቅ ይችል ነበር። ሐሰተኛው ስም የተጻፈበት ዕለት ጥያቄው ተዘጋ። ሰውየውን የቀበረው ሞት አንድ ጊዜ ገደለው፤ ስም የሰጠው ሰው ግን ፈላጊ እንዳይኖረው አደረገው። ዛሬ ተመራማሪዎች የጥንቱን ከአዲሱ መለየት ችለዋል፤ ነገር ግን የሁለቱ ሰዎች ስም አልተመለሰም። በደሉ በሙቱ ላይ ብቻ የተፈጸመ አድርጎ ማሰብም ትክክል አይሆንም፤ በደሉ እርሱን ሊፈልጉ ይችሉ በነበሩት ሕያዋን ላይም ነው።

የጠራቢዎቹም ነገር መነሣት አለበት፤ በተለይ ይህን ጽሑፍ ለሚያነቡ የጥበብ ሰዎች። በ1590ዎቹ አንድ ጠራቢ የሦስት መቶ ዓመት ዕድሜ ያለው ጦረኛ እንዲሠራ ታዘዘ። በራሱ ዘመን የሚያውቀውን ልብስ ትቶ ያላየውን ጥሩር፣ የማያውቀውን ፊት ጠረበ። ሥራው ደንዳና ነው፤ ፊቶቹ ይመሳሰላሉ፤ የእጥፋቱ መሥመር ሕይወት የለውም። ጥበብ በሐሰት ላይ ሁልጊዜ ይደክማል ማለት አይቻልም፤ በፍራምሊንግሃም የታየው ይህን ይከለክላል። እዚህ ግን ጠራቢው የሚያየው ሰው አልነበረውም። ከትእዛዙ በስተቀር የሚመለከተው ነገር አልነበረውም። ደመወዙን ተቀብሎ ሄደ፤ የስሙ ፊደል በአንዱም ላይ የለም። እንቢ ማለት ይችል ነበርን? በዚያ ዘመን ጠራቢን የሚያኖረው የሀብታም መቃብር ነበርና ፍርዱ ቀላል አይደለም። ቢሆንም በአንዱ ምስል ላይ፣ በአንድ ጥግ፣ የጠረብሁት እኔ ነኝ የሚል አንድ ምልክት ቢኖር ከአሥራ አራቱ ስሞች ሁሉ ይልቅ እርሱ የታመነ በሆነ ነበር።

በዚሁ በቸስተር-ለ-ስትሪት እንዲህ ያለ ምልክት ያኖረ ሰው ነበር። የቅዱስ ካትበርት ሬሳ ከሊንዲስፋርን ደሴት ወጥቶ፣ መነኮሳት ከቫይኪንጎች እየሸሹ ለዓመታት ተሸክመውት ከዞሩ በኋላ፣ ከ883 እስከ 995 በዚህች ከተማ ዐርፎ ነበር። ከሬሳው ጋር አብሮ የመጣው ታላቁ የሊንዲስፋርን ወንጌል ነው። በ10ኛው መቶ ዓመት መካከል ላይ አልድሬድ የተባለ ቄስ በላቲኑ መሥመር መካከል የሕዝቡን ቋንቋ ቃል በቃል ጻፈበት፤ ዛሬ ካሉት የወንጌል ትርጕሞች በእንግሊዝኛ የመጀመሪያው ይህ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ ሠራተኞቹን በስም ጠቀሰ። ኢድፍሪዝ ጻፈው፤ ኤዘልዋልድ ጠረዘው፤ በዓት ዘግቶ የሚኖረው ቢልፍሪዝ በወርቅና በዕንቍ አስጌጠው፤ አልድሬድ ተረጐመው። ከዚያም ስለ ራሱ ዘር አንድ ነገር ጨመረ፤ የአልፍሬድና የአንዲት መልካም ሴት ልጅ መሆኑን።

የአልድሬድ የዘር ሐረግ ይኸው ነው። አንድ ትውልድ። የእናቱን ስም እንኳ አልጻፈም፤ መልካም መሆንዋን ብቻ ጻፈ። ከዚህ ተነሥቶ መሬት መጠየቅ አይቻልም፤ ማዕርግም አይገኝበትም። አንድ ሰው በዕድሜው ትልቁን ሥራ ፈጽሞ ብዕሩን ሲያስቀምጥ ያስታወሳት ሴት ነች። ከእርሱ በኋላ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ በዚያው ቦታ የተሰለፉት አሥራ አራት ጦረኞች መካከል ግን ሴት የለችም። ለ500 ዓመት ወንድ ወንድን ወለደ።

የላምሊ ሚስት ጄን ፊትዝአለን የአሩንደል መስፍን ልጅ ነበረች። የተማረች ሴት ናት። የኤውሪፒደስን «ኢፊጌንያ በአውሊስ» ወደ እንግሊዝኛ መለሰች፤ በዚያ ቋንቋ እስከ እኛ ከደረሱት የኤውሪፒደስ ትርጕሞች የመጀመሪያው የእርስዋ ነው። ቴያትሩ የሚናገረው መርከቦቹ እንዲሄዱለት፣ የጦሩም ክብር እንዳይጐድል የገዛ ልጁን ለመሥዋዕት ስለሚያቀርብ አባት ነው። ላምሊና ጄን ሦስት ልጆች ወለዱ፤ ቻርልስ፣ ቶማስና ሜሪ። ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱ። ጄንም በ1570ዎቹ ሞተች። ላምሊ ሁለተኛ ሚስት ቢያገባም ልጅ አልወለደም፤ ከሞቱ በኋላ ርስቱ ወደ ሩቅ ዘመዱ ሄደ። በቸስተር-ለ-ስትሪት አሥራ አራቱን በሚያስደረድርበት ጊዜ ከበስተኋላው ረጅም ሐረግ ነበረው፤ ከፊቱ ግን ማንም አልነበረም።

እርሱ የተቀበረው በአያቶቹ ረድፍ አይደለም። በለንደን ደቡብ፣ ቺም በተባለች ቦታ ነው። የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን በ19ኛው መቶ ዓመት ፈርሶ መቅደሱ ብቻ ቀርቷል፤ ላምሊና ሁለቱ ሚስቶቹ በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ናቸው። የላምሊ ሐውልት ምስል የለውም። ከሊዩልፍ ጀምሮ የሚወርድ ረጅም የላቲን ጽሑፍና የዘር ጋሻዎች ብቻ አሉበት፤ ሐረጉን እንደ ገና፣ ለመጨረሻ ጊዜ፣ ቈጥሮታል።

ከጐኑ ደግሞ ለጄን ያሠራላት መቃብር አለ። በመቃብሩ ፊት ጠራቢው በአዕማድና በቅስት ያጌጠ ቤት ቀርጾአል፤ ሲመለከቱት ንጉሣዊ ቤት ይመስላል። በዚያ ቤት ውስጥ ሦስት ልጆች፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት፣ ተንበርክከዋል። ለእነርሱ ከማንም ፍርስራሽ ድንጋይ አልተለቀመላቸውም። ቻርልስ፣ ቶማስ፣ ሜሪ፤ የማን ልጆች እንደ ነበሩ የሚጠራጠር የለም።